ቤተ መንግሥት የሌለበት ደጋ፦ ከጎባ እስከ ደሎ መና

የአገራችን የታሪክ ጉብኝት ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሰሜኑ መንገድ ነው፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት፣ የጣና ገዳማት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የምናስተምር ሰዎችም ከዚሁ መንገድ ብዙ አንወጣም። ከዓመታት በፊት ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕል ሳስተምር አንድ የደሎ መና ተወላጅ ተማሪ፣ «መምህር፣ በእኛ አገር ቤተ መንግሥት የለም፤ ታሪካችን የት ተጽፎ ይገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ አጭርና ግዴለሽ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ መስጠት ነው።

ቆይቼ መንገዱን ራሴ ሄድኩበት። ከጎባ የሚነሣው መኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የሳነቴ ደጋ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ በጅብራው መካከል ፍልፈል ሲያድን ይታያል፤ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱም በቅርብ ይቆማል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ገብቶ፣ ቡና በዱር በሚበቅልበትና ቀፎ ከዛፍ በሚሰቀልበት አገር አልፎ፣ ሙቀት ካላት ደሎ መና ይደርሳል። ይህ ተራራ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በተፈጥሮ ሀብቱ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ታሪክም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዐለት መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ገደማ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ ነበር። ከበረዶ ግግር ዘመን የቀረው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅም በደለሉ ውስጥ ከ15,000 ዓመታት በላይ የአየር ጠባይ ታሪክ ይዟል።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ፣ ባሌ በመጻሕፍት የተጠቀሰችው ቀደም ብሎ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ የባሌን ግዛት ርዝመት የ20፣ ወርዱን የ6 ቀን መንገድ አድርጎ መዝግቧል። በ16ኛው መቶ ዓመት ሺሃብ አድ ዲን የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲተርክ፣ አባ ባሕርይም በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ በግእዝ ሲጽፉ ባሌን ያነሣሉ። ሦስቱም የሚተርኩት ግን ከውጭ ሆነው ነው፤ ባሌ ለእነርሱ ግዛት፣ የጦር ሜዳ ወይም ድንበር ናት።

የአገሬው ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው የት ነው? አንዱ መልስ የሚገኘው በድሬ ሼኽ ሑሴን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ምእመናን ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው ወደዚህ መቃብር ይጎርፋሉ፤ በጉዟቸውም ባህሮ የተባለውን የውዳሴ ግጥም በኦሮምኛ ያዜማሉ። በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነው የቋንቋ ሊቅ አንድርዜዬቭስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ግጥሞቹ ገድሉን በሙሉ አይተርኩም፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰሚ በጥቂት ቃል ብቻ ይጠቁማሉ። ይኸውም ቅኔ ለለመደ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከወሎ መንዙማ ጋር ቢነጻጸርም ብዙ ያስተምራል።

ውዳሴ ታሪክ ሊሆን አይችልም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ባህሮ ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም፣ ተአምርንም ከድርጊት አይለይም። ነገር ግን ዜና መዋዕልም በቤተ መንግሥት ለንጉሥ ክብር የተጻፈ ነው። ለአንዱ የምናሳየውን ጥንቃቄና ትዕግሥት ለሌላው መንፈጋችን የዕውቀት ሳይሆን የልማድ ውጤት ነው። የልማዱ ዋጋም ከባድ ነው፤ ብራና ቢዘነጋ ከሣጥን ይቆያል፣ ባህሮ ግን የሚያዜመው ሰው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ግጥሞቹ ከነዜማቸው፣ ከነአውዳቸውና በራሳቸው ቋንቋ ሊቀዱ፣ ከዜና መዋዕሉም ጎን ሊማሩ ይገባል። ተማሪዬ ዛሬ ቢጠይቀኝ፣ «ቤተ መንግሥት ባይኖራችሁም መንገድ ላይ የሚዜም መጽሐፍ አላችሁ፤ ሂድና ቅዳው» እለው ነበር።