ከአስመሳይ እስከ ማስመሰያ

ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል፣ አስመሳይ፤ ሁሉም «መሰለ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጡ ናቸው። የዓረብኛው ሚስል፣ የዕብራይስጡም ማሻል የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ስሙ የከፋው አስመሳይ ነው። የሚገርመው ላቲኖችም «ተመሳሳይ» ከሚለው ሲሚሊስ ሲሙላቶርን ሲያወጡ አታላይ ሰው ማለታቸው ነበር። ዛሬ ሲሙሌተር የላብራቶሪ ዕቃ ሆኗል።

የኤሌክትሮመግነጢስ ምትን የሚፈጥረው መሣሪያ ከነዚህ ሲሙሌተሮች አንዱ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች በፓስፊክ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ኑክሌር ሲያፈነዱ፣ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሃዋይ ከፍንዳታው በወጣው ምት የመንገድ መብራቶች ጠፉ። በቀጣዩ ዓመት የጠፈር ፍንዳታ በስምምነት ታገደ። ዕቃ ምቱን መቋቋሙን ለመፈተን የቀረው መንገድ ምቱን ማስመሰል ብቻ ነበር።

ለዚህ የዋለው ማመንጫ ኤርዊን ማርክስ የተባለ ጀርመናዊ በ1924 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ነው። ካፓሲተሮቹ ጎን ለጎን ሆነው ይሞላሉ፤ ከዚያ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ብልጭታ ሲዘል በአንድ መስመር ይያያዙና ቮልቴጃቸው ይደመራል። ምቱ በሁለት ትይዩ ሰሌዳዎች መካከል ይጓዛል፤ የሚፈተነው ዕቃ እዚያ መሃል ይቀመጣል። ጫፉ ላይ ልኩ የተመረጠ ሬዚስተር ከሌለ ማዕበሉ ተመልሶ ይመጣና ዕቃውን ደግሞ ይመታዋል፤ ያ ደግሞ የሰማዩን ምት አይመስልም። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ምቱ በ2.5 ናኖሰከንድ አሻቅቦ በሜትር 50,000 ቮልት መድረስ አለበት። ከኃይሉ ይልቅ ፈጥኖ መውጣቱ ነው ንድፉን የሚያስቸግረው፤ አንድ የረዘመ ሽቦ እንኳ ያዘገየዋል።

ከነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ ያለው ትሬስል ይልቃል። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ ለፍተሻ አውሮፕላን ይቆምበት የነበረ ግዙፍ መድረክ ነው፤ ብሎኑ ሳይቀር ከእንጨትና ከፋይበርግላስ የተሠራው ብረት ምቱን እንዳያዛባው፣ አውሮፕላኑም በአየር ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲመታ ነው። ስሙ ራሱ ተሸካሚ አግዳሚ እንጨትን ከሚጠራ የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው።

እኔ ይህን መሣሪያ «አስመሳይ» ሲሉት አይዋጥልኝም። ማብሰያ፣ ማጣሪያ እንደምንል «ማስመሰያ» ይባል፤ ቃሉ የዕቃ መልክ አለው፣ ሥራውንም በትክክል ይናገራል። «ፐልስ»ንም «ምት» ማለት ይበቃል፤ የላቲኑ ፑልሱስም መግፋትንና መምታትን ከሚገልጽ ግሥ የወጣ ነው፣ ሐኪሞቻችንም የልብ ምት ሲሉ ኖረዋል።