አሮጌ ፖስት ካርዶችን እንዴት መለየትና መተመን ይቻላል?

ከግብር ደረሰኝና ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ጋር በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው የቆዩ አሮጌ ፖስት ካርዶች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። አንዳንዱ ባለቤት እንደ ተራ ወረቀት ይጥላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ዋጋ ያለው ቴምብሩ ብቻ እየመሰለው ቆርጦ ያወጣዋል። ሁለቱም ባለንብረቱን ይጎዳሉ። የአንድ ፖስት ካርድ ዋጋ በሥዕሉ፣ በቴምብሩ፣ በፖስታ ቤቱ ማኅተምና በእጅ ጽሕፈቱ አንድነት ላይ የተመሠረተ ነውና።

ከጀርባው መጀመር

ዕድሜውን ለማወቅ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የካርዱ ጀርባ ነው። በቀደምት ካርዶች ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተተወ በመሆኑ ላኪው መልእክቱን የሚጽፈው በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ነበር። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ እንዲውል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና አሜሪካ በየተራ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1907 ባሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የታተመ፣ መካከለኛ መስመር የሌለው ካርድ በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

በማኅተሙ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል።

ሥዕሉ የሚናገረው

በሥዕሉ ላይ የሚታዩ ሕንፃዎችና ሐውልቶችም ዘመኑን ይጠቁማሉ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት የሚታይበት ካርድ ከ1923 ዓ.ም በፊት ሊነሣ አይችልም፤ ሐውልቱ የተመረቀው በዚያ ዓመት ነውና። የአፍሪካ አዳራሽ የሚታይበት ከሆነም ዘመኑ ወደ 1950ዎቹና ከዚያ ወዲህ ይመጣል።

በአክሱም ደግሞ ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሞ ከታየ፣ ፎቶግራፉ የተነሣው ከ1929 ዓ.ም በፊት ነው። ሁለቱ ታላላቅ ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመው ከታዩ ግን ካርዱ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የመጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ፎቶግራፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሊታተም ስለሚችል፣ የሥዕሉ ዘመንና የካርዱ ዘመን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ቴምብሩና ማኅተሙ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በፓሪስ የታተሙ ናቸው። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳን የያዙ ሲሆን ዋጋቸው ከሩብ እስከ 16 ገርሽ ነበር። ብዙዎቹ በቀጥታ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ያልተለጠፉት ዛሬም በገበያ ላይ አይጠፉም። በዘመኑ በእርግጥ ተለጥፈው፣ ታትመውባቸውና ተጉዘው የደረሱት ግን ብርቅ ናቸው። ብዙ ሰው ንጹሑ ቴምብር ይበልጣል ብሎ ቢያስብም፣ በዚህ ረገድ እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ወይም ካርድ ከኢትዮጵያ ቴምብር በተጨማሪ እንደ ጂቡቲ ያለ የጎረቤት ግዛት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። የሁለቱን አገሮች ቴምብር አብሮ የያዘ ካርድ የዚያን ዘመን የጉዞ መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ በመሆኑ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ቴምብሩ ከተቆረጠ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

እውነተኛውን ከቅጂው መለየት

ለዚህ ተራ ማጉያ መነጽር በቂ ነው። በማተሚያ ማሽን የታተመ ሥዕል ሲጎላ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ መሆኑ ይታያል፤ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በቀጥታ የወጣ ሥዕል ግን ነጠብጣብ የለውም። ነጠብጣብ መኖሩ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኝም፤ ብዙ እውነተኛ ካርዶች በማሽን የታተሙ ናቸውና። የእጅ ጽሕፈቱ፣ ቴምብሩና ማኅተሙ ጭምር በአንድ ዓይነት ነጠብጣብ ከተሠሩ ግን ካርዱ ከሌላ ካርድ የተገለበጠ ቅጂ ነው።

ዋጋው በምን ይወሰናል?

ለአሮጌ ፖስት ካርድ የተቆረጠ ዋጋ የለም። ዋጋውን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሥዕሉ ርእሰ ጉዳይ፣ የካርዱ ደኅንነት፣ በፖስታ ስለመላኩ ያለው ማስረጃና የሚገኘው ቅጂ ብዛት ናቸው። በብዛት የታተመ የቤተ መንግሥት ሥዕል ዕድሜው ቢረዝምም ርካሽ ሊሆን ይችላል። የአንድ አነስተኛ ከተማ ገበያ፣ የባቡር ጣቢያ ወይም ዛሬ የሌለ ሕንፃ የሚታይበት ግን የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የታጠፈ ጥግ፣ የእርጥበት እድፍና ብል የበላው ጠርዝ ዋጋውን ይቀንሳሉ።

ሻጭ ዋጋ ሲያጠና መመልከት ያለበት ሌሎች የጠየቁትን ሳይሆን ተመሳሳይ ካርድ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ነው። ሚሊዮን እንደሚያወጣ ነግሮ አስቀድሞ የምርመራ ወይም የአገናኝነት ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጠንቀቅ ይገባል።

አያያዝና ሕግ

ካርዱን በውኃ ማጠብ፣ በስኮች መጠገን፣ በኮላ አልበም ላይ መለጠፍ ወይም ላሚኔት ማስደረግ አይገባም። ከጭስ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ቢቀመጥ በቂ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ለውጭ አገር ገዥ ከመላክ በፊት በአቅራቢያ የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመሸጥ የወሰነ ቤተሰብም አስቀድሞ የካርዱን ሁለት ገጽ በጥራት ፎቶግራፍ ቢያነሣ ይጠቀማል። ካርዱ ወደ ሌላ እጅ ቢያልፍም የአያት የእጅ ጽሕፈትና የላከበት ቀን በቤቱ ይቀራል።