ድጎማ
«ድጎማ» የሚለው ቃል፣ በዘይቤውም በምሥጢሩም ጎደሎን ሞልቶ ማገዝን እንጂ ሙሉውን ሸክም መሸከምን ስለማያመለክት፣ የእስራኤልና የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1977 ላቋቋሙትና የሁለቱን አገሮች ኩባንያዎች የጋራ ምርምርና ልማት ለሚደግፈው የበርድ (BIRD) ፋውንዴሽን ሥራ እጅግ የሚስማማ ስያሜ ነው። አንድ አነስተኛ የእስራኤል ኩባንያ ከታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተሻርኮ፣ የልብ ምት መከታተያ መሣሪያ ልሥራ ብሎ ቢነሣና ዕቅዱ ቢመረጥ፣ ተቋሙ ከጋራው ወጪ እስከ 50 በመቶ ይሰጣል፤ የአክሲዮን ድርሻ ግን አይጠይቅም። መሣሪያው ተሽጦ ገቢ ካስገኘ ገንዘቡ ከሽያጩ ላይ እየተቆነጠረ ይመለሳል፤ ገበያ ካጣ ዕዳው ይሰረያል (አራጣ አበዳሪ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?)። «ልግስና» ብለው የሚጠሩት አሉ፤ እኔ ግን፣ ተቋሙ የሽያጩን ሒሳብ እየተከታተለ ገንዘቡን የሚያስመልስ ስለ ሆነ፣ ይህን አጠራር አልቀበለውም።