ከእርድ እስከ ጎመን፦ የእስያ ቅመሞች፣ የአርሲ ማዕድና የምግብ ቧንቧ ካንሰር

አጠቃሎ

እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ከካንሰር ይጠብቃሉ የሚለው አስተሳሰብ ከእስያ ባህላዊ ሕክምና ተነሥቶ ዛሬ በኢትዮጵያም ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህ መጣጥፍ አስተሳሰቡን የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት በሚታይበት በአርሲ ደጋ ማዕድ ላይ ይፈትሻል። የቀረበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ቅመሞቹ በቤተ ሙከራ ያሳዩት ኃይል እውነተኛ ቢሆንም በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ስስ ነው፤ ስለዚህ እንደ ዲክሲስ ባሉ የአርሲ ወረዳዎች የጓዳው የመከላከል አቅም በቅድሚያ መፈለግ ያለበት በምግቡ ሙቀት፣ በምድጃው ጭስ፣ በእህሉና በቅመሙ አቀማመጥ እንዲሁም በጓሮ አትክልት ውስጥ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው መነሻ

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ ቀበቶ አለው። በአገራችን የዚህ ቀበቶ ጎላ ያለ ክፍል አርሲና ባሌ ናቸው፤ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከሚታከሙት ሕሙማን መካከል የእነዚህ አካባቢዎች ሰዎች ብዛት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ደጋግመው የመዘገቡት ነው። በሽታው አመጣጡ ዝግ ያለ ነው። በመጀመሪያ ዳቦና ቆሎ አልወርድ ይላል፤ ከዚያ ገንፎ፣ ቀጥሎ አጥሚት፣ በመጨረሻም ውኃ። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ቧንቧው እጅግ ከጠበበ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በቤት የሚሞከረው ማርና ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ ቅመሞቹ ምን ያህል ይከላከላሉ የሚለው ጥያቄ በአርሲ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሊቃለል አይገባውም።

ቅመሞቹ በቤተ ሙከራ

ከሁሉ ይልቅ የተጠናው እርድ ነው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከሥሩ ተለይቶ የወጣው በ1815 ነው፤ ከደረቅ እርድ ክብደት ውስጥ ድርሻው 3 በመቶ አካባቢ ነው። በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመር ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለውን፣ እብጠትንና የሕዋስ መባዛትን የሚያነሣሣ የፕሮቲን ሥርዓት ያዳክማል። የጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖንና የዝንጅብል ጂንጀሮልም በተመሳሳይ ሙከራዎች ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ተለቅቆ አሊሲንን ይፈጥራል፤ ይህም ከድኝ ውህዶች ወገን ነው።

ችግሩ ከመጠንና ከመዋሐድ ይጀምራል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ቢመዝን የሚይዘው ኩርኩሚን 90 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግን በቀን በግራሞች የሚቆጠር ይሰጣሉ። ያም ሆኖ አንጀት የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ጉበትም ቶሎ ለውጦ ያስወግደዋል። በ1998 የታተመ የሕንድ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፔሪን፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬው ንጥረ ነገር ጋር ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን 20 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። እርድና ቁንዶ በርበሬን በዘይት ወይም በቅቤ አንድ ላይ የሚያቁላላ ወጥ ከዚህ ግኝት ጋር የሚስማማ ይመስላል። ሆኖም በ2017 የታተመ ሰፊ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ግምገማ ኩርኩሚን በቀላሉ የሚፈርስና የሙከራ ውጤቶችን የሚያሳስት ውህድ መሆኑን ገልጾ፣ በአስመሳይ ክኒን በተመዘኑ ድርብ ስውር ሙከራዎች አንድም የተሳካ ውጤት እንዳልተገኘ ደመደመ።

ለምግብ ቧንቧ ግን አንድ ልዩ ነጥብ መነሣት አለበት። ጉርሻው የቧንቧውን ሽፋን በቀጥታ ስለሚነካ ቅመሙ ለመሥራት ደም ውስጥ መግባት ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ንክኪው በሰከንዶች የሚያልቅ ነው፤ በቤተ ሙከራ ሕዋሳቱ በንጥረ ነገሩ ተዘፍቀው የሚቆዩት ለሰዓታት ነው። ቀጥተኛ ንክኪው የሚያቀርበው ጥቅም ብቻ እንዳልሆነም ከታች ይታያል፤ ሙቀትም የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነውና።

ከቻይና ገጠሮች የመጣ ማስረጃ

ለአርሲ ቅርብ ንጽጽር የሚሆነው በቻይና ሄናን ግዛት የሚገኘው ሊንሺያን ነው፤ ተራራማ፣ ፍራፍሬ የሚያጥረውና የምግብ ቧንቧ ካንሰር እጅግ የበዛበት ወረዳ ነበር። ከ1986 እስከ 1991 በ29,584 ሰዎች ላይ በተካሄደው ሙከራ ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም በአንድነት የወሰዱት በካንሰር የመሞት መጠናቸው በ13 በመቶ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በጨጓራ ካንሰር ላይ ነበር፤ በምግብ ቧንቧ ላይ የታየው ቅናሽ እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ተሳታፊዎቹ ንጥረ ነገር የጎደላቸው እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። በአንጻሩ በ1994 ይፋ በሆነው የፊንላንድ ሙከራ ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች የሳንባ ካንሰራቸው በ18 በመቶ ጨመረ። የጎደለውን መሙላትና በሞላው ላይ መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የሻንዶንጉ የሊንቹ ሙከራ አለ። በ1995 በ3,365 ሰዎች ላይ ተጀምሮ ለ22 ዓመታት ክትትል ተደርጎበታል። ለ7 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የነጭ ሽንኩርት ዝግጅት የወሰዱ ሰዎች በጨጓራ ካንሰር መሞታቸው ቀነሰ፤ በካንሰሩ የመያዛቸው መጠን ግን በአስተማማኝ ደረጃ ዝቅ አላለም። በዚያው ሙከራ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለማጥፋት ለሁለት ሳምንት ብቻ የተሰጠው መድኃኒት በሽታውን በግማሽ ያህል አወረደው። ቅመሙ ለዓመታት ያላደረገውን፣ መንስኤውን ማስወገድ በሁለት ሳምንት አደረገው። ለአርሲ የጥናት አቅጣጫ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

የአጣጥ ምስክርነት

ይህ ሁሉ ዕፅዋት በካንሰር ላይ ኃይል የላቸውም ማለት አይደለም። ከሁሉ የጎላው ምስክር ያለው በእኛው አገር ነው። በ1972 የአሜሪካው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ፣ አጣጥ ከምንላቸው ዕፅዋት ወገን ከሆነ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ብርቱ ፀረ ካንሰር ውህድ አወጡ። ሆኖም ለሕሙማን በቀጥታ ሲሰጥ ጤናማውንም ሕዋስ ስለሚጎዳ ሙከራው ተቋረጠ። ተመራማሪዎች ግን አልተዉትም፤ ከውህዱ የተሠራ ተዛማጅ ንጥረ ነገርን የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አቆራኙት። የተገኘው መድኃኒት፣ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን፣ በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ከአጣጥ እስከ መድኃኒቱ 41 ዓመት የፈጀው ጉዞ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የሐበሻ ዕፅዋት በቁም ነገር ሊጠኑ ይገባቸዋል፤ ሀብቱ የእኛ ሆኖ ምርምሩ የሌላው ብቻ መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል። ሁለተኛ፣ የተክሉ ኃይልና የተክሉ ደኅንነት አንድ አይደሉም። ቅጠሉን አፍልቶ የጠጣ ሰው የሚያገኘው መርዙን እንጂ ዒላማውን የሚለየውን መድኃኒት አይደለም።

የአርሲ ማዕድ፦ ሙቀት፣ ጭስና ጎመን

ዲክሲስና አካባቢው የስንዴ፣ የገብስና የባቄላ ምድር ነው። ማዕዱም ከዚሁ ይቀዳል፦ በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ፣ ጩኮ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ቡና። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ፈርጇል። 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ከጀበና የተቀዳ ቡና ከ65 ዲግሪው ወሰን በብዙ ይበልጣል። ገንፎ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ ላዩ ሲበርድ መሐሉ ይፋጃል።

በኢራን ጎለስታን 50,045 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት በ2020 እንዳሳየው፣ በቀን ከ700 ሚሊሊትር በላይ ሻይ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ እየሞቀ የሚጠጡ ሰዎች ቀዝቀዝ አድርገው በመጠኑ ከሚጠጡት ይልቅ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት 90 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሻይ ቅጠል ፀረ ካንሰር ናቸው በሚባሉ ውህዶች የበለጸገ የእስያ ተክል ነው። በፍሉ ሲጠጣ ግን ያ ሀብቱ አላዳነም። ዝንጅብልና ቀረፋ የገባበት ፍል ሻይም ከዚህ ሕግ ውጪ አይሆንም።

ከሙቀት ቀጥሎ ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ጭስ ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት የሚነድ ማገዶ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የተባሉ ውህዶችን ይለቃል፤ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው የቤት ውስጥ የማገዶ ጭስን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ምድብ አስገብቶታል። ሦስተኛው የአትክልት እጥረት ነው። ከግንቦት 2012 እስከ ግንቦት 2013 በአዲስ አበባ 73 ሕሙማንንና 133 ማነጻጸሪያ ሰዎችን ያካተተው ጥናት በዋናነት የጫትን ሚና ለመመርመር የታቀደ ነበር። የጫቱ ግንኙነት ትምባሆና ሌሎች ነገሮች ሲታሰቡ ጠፋ፤ አረንጓዴ አትክልት አለመመገብ ግን ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የዓለም ካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ካስቀመጠው፣ ማስረጃው ውስን ቢሆንም አመላካች ነው ከሚለው ፍርድ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ የሐበሻ ጎመን መነሣት ይገባዋል። መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው ይህ ተክል ሲኒግሪን የተባለ ውህድ አለው፤ ቅጠሉ ሲከተፍ ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሲኒግሪኑን ወደ አይሶታዮሳያኔት ይለውጠዋል፤ ይህም ጎጂ ኬሚካሎችን የሚያከሽፉ የሰውነት ኢንዛይሞችን ያነቃቃል። ለረጅም ጊዜ መቀቀል ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። በብሮኮሊ ላይ በተደረጉ ጥናቶች የበሰለው አትክልት ላይ ጥሬ የሰናፍጭ ዱቄት መነስነስ የጠፋውን ኢንዛይም ተክቷል። ሰናፍጭን የሚያውቅ ማዕድ ይህን ለመሞከር ከሩቅ የሚያመጣው ነገር የለም። ማንጎና እርድ ወደ ደጋው የሚመጡት በመኪና ተጭነው ነው፤ ጎመን ግን ከጓሮ ይቀነጠሳል።

ቅመሙ ራሱ ሲያስፈራ

ትውፊታዊ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በደቡብ እስያ ለዘመናት የሚታኘከው የአሬካ ፍሬ ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው ምድብ ውስጥ ነው፤ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት የኖሩ የአሪስቶሎኪያ ዕፅዋትም እንዲሁ። በባንግላዴሽ ቀለሙን ለማድመቅ እርድ ላይ እርሳስ ያለበት ክሮሜት ይጨመር እንደነበር በ2019 ተረጋግጧል። በእኛም አገር በ1996 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በከፊሉ አፍላቶክሲን አግኝቷል። ይህ የሻጋታ መርዝ ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። በደንብ ሳይደርቅ የተፈጨ በርበሬ፣ እርጥበት በገባው ጎተራ የቆየ ባቄላ፣ ለጤና ብሎ የሚበላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። በክኒን መልክ የሚሸጥ፣ በፒፔሪን የተጠናከረ እርድም የጉበት ጉዳት ማስከተሉ ተመዝግቧል፤ በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊወስደው አይገባም።

መደምደሚያ

እርድ በአልጫው፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርት በወጡ ይቀጥሉ፤ እንደ ምግብ የሚያስነቅፋቸው ነገር የለም። የመከላከያነት ማዕረግ የሚሰጣቸው ግን በሰው ላይ ሲመሰከር ነው። ለዚያም ምስክርነቱ የሚፈለገው በአርሲ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ሕሙማንንና ጤነኞችን የሚያነጻጽር ጥናት ሲያቅዱ፣ ቅመሙን በዓይነት ብቻ ሳይሆን በመጠን፣ በአዘገጃጀትና ምግቡ በሚዋጥበት ሙቀት መመዝገብ ይኖርባቸዋል። የገንፎውንና የቡናውን ሙቀት በቴርሞሜትር መለካት ርካሽ ነው፤ ከትዝታ የሚገኝ መልስ ግን «ትኩስ» እና «ለብ ያለ» ከማለት አያልፍም።

ምርምሩ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር የለም። በ1967 በአሰላ የተቋቋመው የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ያደረሰበት የኤክስቴንሽን ልማድ በአርሲ ምድር አለ፤ ያው መንገድ የጓሮ ጎመንን፣ ጭስ ማውጫ ያለውን ምድጃና የእህል ማድረቂያ ሸራን ሊያደርስ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገንፎና ቡና በረድ ብሎ እንዲቀርብ ማስተማር ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳቦ አልወርድ ያለው ሰው ሳምንታት በማርና በጥቁር አዝሙድ ሳያልፉበት ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ መንገር አለብን፤ በዚህ በሽታ ጊዜን የሚተካ ቅመም የለምና።