መረጃው መዝገብ ቤት፣ ሥልጠናው አዳራሽ፦ የመንግሥት ሠራተኛን ለግልጽነት ማብቃት

በበርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር ላይ ተለጥፎ የሚታየው የአሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ዝርዝር «ግልጽነት»ንም «ምሥጢር መጠበቅ»ንም ይዟል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የሚጎድለው ሠራተኛው በእጁ የያዘው ፋይል ከየትኛው መርሆ ሥር እንደሚያርፍ የሚያሳየው ሰው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሥራ ምሥጢር ማውጣትን እንደሚያስቀጣ ሰምቷል፤ መረጃ መከልከልም ሊያስጠይቅ እንደሚችል ግን ብዙውን ጊዜ የነገረው አለቃ የለም። ስለዚህ ጠያቂ ከፊቱ ሲቆም ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሰጥቶ ቢሳሳት ይጠየቃል፣ ከልክሎ ቢሳሳት የሚደርስበት የለም። «የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ና»፣ «ለምን ፈለግኸው?»፣ «አለቃ ሲመጡ ተመለስ» የሚሉት የታወቁ መልሶች የሚወለዱት ከዚህ ስሌት ነው። ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ይህን ስሌት የማይነካ ሥልጠና፣ ሕጉን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያስረዳ፣ ከአዳራሹ በር አያልፍም።

የሕግ መሠረቱ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ሥር ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል ተጠብቋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን ወደ አሠራር አወረደው። ጥያቄ የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ለመልሱ የተቀመጠው ጊዜ በመርህ ደረጃ 30 ቀናት ነው፤ የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል፣ እስከ ፍርድ ቤትም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ ኃላፊነቱን የጣለው በሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ላይ ነውና ሥልጠናውም እሱን ተከትሎ ሄደ። የዚህ ባለሙያ የዕለት ሥራ ግን ገጽታ ግንባታ ነው፦ ዜና ይሠራል፣ መጽሔት ያዘጋጃል፣ የኃላፊውን ጉብኝት ያስቀርጻል። የሚመዘነው መሥሪያ ቤቱ በምን ያህል መልካም ስም እንደተነሳ ነው። ያንኑ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሊያስወቅስ የሚችል ሰነድ አውጥተህ ስጥ ማለት ሁለት ተቃራኒ ሥራ በአንድ ደመወዝ መጠየቅ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሰነዱ እሱ ዘንድ አለመኖሩ ነው። ሰነዱ ያለው መዝገብ ቤት፣ ፋይናንስ ክፍል፣ ግዥ ቡድን፣ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህ ሠራተኞች ወደ ሥልጠናው እምብዛም አይጠሩም። በአበል የሚመጣው ተሳታፊ አንድ ነው፣ ፋይሉን የያዘው ሰው ሌላ ነው።

ህንድ ይህን ክፍተት ቀድማ አይታ በሕግ ለመዝጋት ሞክራለች። የሕጉ ሥር ያለው በራጃስታን ገጠር ነው። ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የተባለው የገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ማኅበር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ሸንጎ እየጠራ፣ የመንግሥት ሥራዎችን የፔሮል ወረቀት በአደባባይ ጮክ ብሎ ያስነብብ ነበር። የሞተ ሰው ደመወዝ እንደወሰደ፣ ያልተሠራ ግንብ እንደተከፈለበት የታወቀው በዚህ ንባብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የመረጃ መብት ሕግ የዚህ ትግል ፍሬ ሲሆን፣ አንቀጽ 26 የመረጃ ኃላፊዎችን ማሠልጠንንና የሥልጠና ጽሑፍ ማዘጋጀትን የመንግሥት ተግባር አድርጎ ይዘረዝራል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ቢያላላውም። ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ኃላፊ በቀን 250 ሩፒ፣ ቢበዛ እስከ 25,000 ሩፒ ከኪሱ ይቀጣል። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ብዙ በማይጠቀሰው አንቀጽ 5 ላይ ነው። የመረጃ ኃላፊው ሰነድ ለማግኘት የሌላ ክፍል ባልደረባን እርዳታ ከጠየቀ፣ ለቅጣት ሲባል ያ ባልደረባ ራሱ እንደ መረጃ ኃላፊ ይቆጠራል። በዚህ አንድ ድንጋጌ ሥልጠናው ለመዝገብ ቤቱና ለሒሳብ ሹሙም የራሳቸው ጉዳይ ሆነ። እኛ ዘንድ ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ ማን ሥልጠናው ላይ ይቀመጥ የሚለውን ከወዲሁ ማስተካከል ይቻላል።

ምን ይማሩ? በእኔ እምነት የአዋጁን አንቀጾች በስላይድ ከማንበብ ይልቅ አንድ ፋይል ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ይበልጣል። ለመንገድ ሥራ ከይዞታቸው የተነሱ አርሶ አደሮች የካሳ ፋይል እንበል። ውስጡ የመሬት ልኬት ቅጽ፣ የገማች ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ ለሰብልና ለቋሚ ተክል የተያዘው ነጠላ ዋጋ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበት የክፍያ ዝርዝር፣ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር የተያያዘ የቅሬታ ማመልከቻ አለ። አንዲት ተነሺ «ጎረቤቴ በሄክታር ከእኔ የበለጠ የተከፈለው በምን ስሌት ነው?» ብላ ጠይቃለች። ሠልጣኙ ቅጠል በቅጠል ይወስን። ነጠላ ዋጋውና ስሌቱ የሕዝብ ነው፤ ይሰጥ። ቃለ ጉባኤው የኮሚቴውን ውሳኔና ምክንያት ስለያዘ ይሰጥ። የሒሳብ ቁጥሩ፣ ስልኩና የመታወቂያው ኮፒ የግል ጉዳይ ነውና በኮፒው ላይ ይሸፈን። የቅሬታ አቅራቢው ስምስ? እዚህ ላይ ክፍሉ ይከራከራል፤ መከራከርም አለበት። «ፋይሉ ምሥጢር ነው» የሚለው የጅምላ መልስ የሚፈርሰው፣ ምሥጢሩ በፋይሉ ሁሉ ላይ የተረጨ ሳይሆን በሁለት ሦስት መስመሮች ላይ ብቻ ያለ መሆኑን ሠራተኛው በገዛ እጁ ሸፍኖ ሲያየው ነው። ከዚያ በኋላ የእምቢታውን ደብዳቤ ይጻፍ፦ የትኛው ገጽ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ ለምን እንደተከለከለ። ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ያቃተው ሰው ምናልባት የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።

ይህ ሁሉ ፋይሉ ከተገኘ ነው። ብዙ ጊዜ «አንሰጥም» የሚባለው «አላገኘነውም» ማለት ስለሚያሳፍር ነው። ስለዚህ የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ከመረጃ ነፃነት ትምህርት ሊነጠል አይገባም። ብሪታኒያ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መረጃ የመጠየቅ መብቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕጉ ራሱም የመዝገብ አያያዝ መመሪያ እንዲወጣ ያዛል። የእኛው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ፤ ከ590 ጋር በአንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ቢገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ከባዶ እንደማንነሳ ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሥር ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች በሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደርጓል፤ ለባለሙያም ለነዋሪም የበጀት ግንዛቤ ትምህርት ተሰጥቷል። የጤና፣ የትምህርት፣ የውኃ እየተባለ ተከፋፍሎ የተጻፈ ሰንጠረዥ፣ ገበሬው ቆሞ የሚያነበው። ያን ሰሌዳ ያዘጋጀው የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ ማንም ሳይጠይቀው መረጃ አውጥቶ መለጠፍ ሥራው እንደሆነ ተለማምዷል። ለዚህ ሥልጠና የምመርጠው አስተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣ ምሁር ይልቅ እሱን ነው፤ የባልደረቦቹን ፍርሃት ያውቀዋልና።

ፍርሃቱን የሚያነሳው ግን አለቃው ነው። የመምሪያ ኃላፊዎች ከሠራተኞቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ በቅን ልቦና መረጃ የሰጠ ሠራተኛ ቢሳሳት እንደማይቀጣ በጽሑፍ አረጋግጠው ካልወጡ፣ ሥልጠናው ሠራተኛውን ብቻውን አደባባይ ላይ ማቆም ይሆናል። ውጤቱም በተሳታፊ ብዛትና በምስክር ወረቀት አይለካ። ከሦስት ወር በኋላ የመረጃ ጥያቄ መዝገቡ ይከፈት፦ ስንት ጥያቄ ገባ፣ ስንቱ በ30 ቀን ተመለሰ፣ ስንቱ በቃል ብቻ ተሸኘ፣ የተጻፈው የእምቢታ ምክንያት አንቀጽ ይጠቅሳል ወይስ «የበላይ አካል አልፈቀደም» ይላል። መዝገቡ ጭራሽ ያልተከፈተበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ቀጣዩ ሥልጠና የሚሰጠው እዚያው መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።