ከንፈር የቆረጠው አዋጅ ሱስ አልቆረጠም

በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ከዚህ የከበደ ቅጣት ከየት ይመጣል? ንጉሡ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ግን ትምባሆ ተመለሰ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጭራሽ መንግሥት በሞኖፖል የሚነግድበት ሸቀጥ ሆነ።

ዛሬ ከንፈር የሚቆርጥ የለም። ሱሰኛውን የሚቆርጠው ምላስ ነው። «ወንድ ከሆንክ ተው!» ይባላል። ሲያቅተው ይሰደባል፤ ሲሰደብ ያፍራል፤ ሲያፍር ይጠጣል።

ቆሰበርን እንውሰድ። እንጅባራ የምትባለው ይህች የአዊ ከተማ ደጋ ናት፤ አረቄ «ለብርድ» ተብሎ ይጠጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አልኮል ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። አረቄ ግን ድሮም በቴሌቪዥን ተዋውቆ አያውቅም። ማስታወቂያው «ና፣ አንድ ቅመስ» የሚለው ጓደኛ ነው። አረቄ የምታወጣዋን እናት መርገምም መፍትሔ አይሆንም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው።

ታዲያ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም የሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ጉዳይ አገሩን አስጨንቆ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ ስታጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ የሄሮይን ጥገኛ ሆኖ ነበር። ከእነዚህ መካከል አገሩ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሰው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ሕክምና እንኳ አላገኙም። የተለወጠው ቦታው፣ ጓደኛውና የቀኑ ውሎ ነው።

ይህን የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ሱሰኛ ወደ ጠበል ሲሄድ ከእምነቱ ጋር ቦታም ይለውጣል፤ መጠጥ ቤቱም ጓደኛውም ይርቁታል። ችግሩ የሚጀምረው ሲመለስ ነው። ያው ሰፈር፣ ያው ሥራ ፈትነት፣ ያው «ና» ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከመመለሱ በፊት ይሁን። ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ ይቀየር። ደመወዙን ለጊዜው የሚያምነው ሰው ይያዝለት። የሚጠጣበት ሰዓት በሥራ ይሞላ። ሱሱ ሲነሳበት የሚደውልለት አንድ ሰው ይኑረው፤ አምሮቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከታገሡት ይበርዳል። አንድ ቀን ቢወድቅም ከዜሮ ጀመረ አይባል፤ ምን እንደጣለው ይጠየቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከተንቀጠቀጠ፣ ከቃዠ ወይም ከጣለው፣ ያ የቁርጠኝነት ማነስ አይደለም። ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም ስለሆነ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ጠበሉ ከሐኪም አይጣላም።

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች፣ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ ሐኪም፣ እርስ በርስ በመነጋገር ብቻ ከመጠጥ መራቅ ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። አዊ ለዚህ ባዕድ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ሰውን በደንብና በመተጋገዝ አንድ ላይ ማቆም እንደሚቻል ሲያሳይ ኖሯል። እድሩም ሲሞቱ ይቀብራል፤ በሕይወት ሳሉ ግን ማን ይጠይቃቸዋል?

ዮሐንስ ከንፈር ቆረጡ፤ ሱሱ ቀረ። ከጠበል ለተመለሰው ልጅ የሚያስፈልገው የሚፈርድበት አይደለም። ማታ 12 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩቶ «ና፣ ቡና እንጠጣ» የሚለው ጎረቤት ነው።