በጭንቅ ሰዓት የተተከለ የልብ በር

ሩዋን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ፣ በሻርል ኒኮል ስም በሚጠራው ሆስፒታል፣ እ.አ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2002 አንድ የ57 ዓመት ሰው ለሞት ተቃርቦ ነበር። (ኒኮል ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ሊቅ ነው፤ ተስቦን ያከመ የሀገራችን ሐኪም ሁሉ ባለዕዳው ነው።) ከግራ ልቡ ወደ ታላቁ የደም ሥር የሚያሳልፈው በር ጠጥሮ፣ የደም ግፊቱ ወድቆ ነበር። ቀዶ ሐኪሞች ደረቱን ለመክፈት አልደፈሩም፤ በፊኛ የማስፋቱም ሙከራ አልያዘለትም።

ፕሮፌሰር አላን ክሪቢዬ እስከዚያ ቀን በእንስሳት ላይ ብቻ የተፈተነውን በር ሊተክሉለት ወሰኑ። የእግሩ ደም ወሳጅ ሥሮች ተዘግተው ስለ ነበር ካቴተሩን በብሽሽቱ ደም መላሽ ሥር አስገቡ፤ የልቡን ግድግዳ በስተው ከቀኝ ወደ ግራ ተሻገሩ፤ በፊኛ ላይ ታጥፎ የገባውን በርም በስፍራው ነፍተው ተከሉት። የልቡ ሥራ ወዲያው ተሻሻለ። ሰውየው ከአራት ወር ያህል በኋላ ከልቡ ሳይሆን ከእግሩ በተነሣ ሕመም ሞተ፤ መንገዱ ግን ተከፍቶ ቀረ።

ይህ ጥበብ እስከ ባሮ ዳር ቢደርስ እንኳ ብዙ ሕሙማን አያገኝም። አዲሱ በር ተጣብቆ የሚቆመው በጠጠረው አሮጌ በር ላይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው በር በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በእኛ ዘንድ ልብን የሚያጠቃው ከጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ሰለባዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ የሚጠበውም ብዙውን ጊዜ ሚትራል የተባለው በር ነው። ለዚህ የጃፓኑ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ በ1984 ያስታወቀው ፊኛ ይቀርባል፤ በሩን ሳይለውጥ የተጋጠሙትን ጠርዞች ይለያያልና።

ጭንቁ ጎልቶ የሚታየው በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ነው። እርግዝና የደሟን መጠን በግማሽ ያህል ሲጨምር ጠባቡ በር አያሳልፈውም፤ ሳንባዋ ውኃ ይሞላል። እንዲህ ያለች ሴት ጋምቤላ ስትደርስ ሐኪሙ ኦክሲጅንና ፉሮሴማይድ ሰጥቶ፣ የልቧን ምት አዘግይቶ፣ ወደ አዲስ አበባ ይልካታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጽር ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2009 ተከፍቷል። መንገዱ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከባሮ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጎሬ ደጋ ይወጣል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የተጫነው ኦክሲጅን ለዚያ ዳገት ሁሉ መብቃቱን አስቀድሞ የሚያሰላው ላኪው ሐኪም ነው።